ድምፁ የሚቆረጥበት ቦታ

ያ ስልክ ጆሮ ላይ ተደርጎ አያናግርም ነበር። በገዛሁት በሳምንቱ የጆሮው ድምፅ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ በስፒከር ካልሆነ አይሰማም። የምኖረው ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር፣ ክፍሎቹ በቆርቆሮ ብቻ በተለያዩበት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ስለነበር የእኔ ስልክ ማለት የግቢው ሬዲዮ ማለት ሆነ። እናቴ ከዳንግላ ደውላ «ወገብሽን ተሻለሽ?» ስትለኝ ልብስ የሚያጥቡት ጎረቤቶቼ ቀና ብለው ወገቤን ያያሉ።

ነርስ ነኝ። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ምደባዬ እዚያ ሆነና ከደጋ ወርጄ በዚያ ሙቀት ውስጥ ዓመታት ኖርኩ። ስልኩን የገዛሁት ገበያው ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው። ከነበሩት ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር። የፋብሪካው ስም ከጀርባው በብርማ ቀለም ተጽፏል፤ እኔ አጥርቼ ሳላነበው የኪሴ ላብ ፋቀው። ሻጩ «ተች ነው፣ ሁሉንም ይሠራል» አለኝ። አልዋሸም። ሁሉንም ይጀምራል፤ አንዱንም ግን አይጨርስም። መደወያውን ስነካ ካሜራው ይከፈታል፤ ካሜራውን ስዘጋ ደውዬለት ለማላውቅ ሰው ይደውላል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እንደ ታመመ ልጅ ይተኩስና ራሱን ያጠፋል። ያኔ በጨርቅ ጠቅልዬ ከውሃ ጋኑ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ሲበርድለት ይነሣል። ካሜራው ደግሞ የጥቁር ሰው ፊት አያወጣም። በዚያ ከተማ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ግቢያችን ውስጥ ፎቶ ስናነሣ ነጭ ልብስና ጥርስ ይወጣል፤ ሰውየው ራሱ የለም።

የግቢው ባለቤት ኑዌር ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ረጅም ከመሆኗ የተነሣ በእኔ በር ስትገባ ሁልጊዜ ጎንበስ ትላለች። እሑድ እሑድ ነጭ ለብሳ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እኔ ስጾም ደግሞ ዓሣ ጠብሳ ይዛልኝ ትመጣና «ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ብላ» ትለኛለች። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። ለእኔም፣ ለድመቷም፣ ለስልኩም «አንተ» ናት። መጀመሪያ ሰሞን እንደ አገሬ ወግ «እንዴት አደሩ?» ስላት ሳቀችብኝ።

«እኔ አንድ ነኝ። ለምን ብዙ ታደርገኛለህ?»

ከዚያ ወዲህ አንቺ እያልኩ «እማማ» ብዬ ጠራኋት። እሷም እንደ ታካሚዎቼ «ሲስተር» ትለኛለች።

ከእናቴ ጋር ያስተዋወቃቸው ያ የተበላሸ ስልክ ነው። አንድ ቀን እናቴ ስትደውል እማማ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ እህል ትለቅም ነበር። እናቴ ስለ ምግቤ ስትጠይቀኝ እኔ «ደህና እየበላሁ ነው» ከማለቴ እማማ ካለችበት ጮክ ብላ «ውሸት! አይበላም!» አለች።

«ማናት እሷ?» አለች እናቴ።

«አከራዬ ናት።»

«የኔ እመቤት፣ ልጄን አደራ፤ ከእግዚአብሔር በታች ላንቺ ነው የሰጠሁት።»

«ልጅህ ደህና ነው። ግን ቀጭን ነው።»

እናቴ እስክታስላት ሳቀች። ከዚያ እንደ እናት ወግ ጠየቀቻት። «አንቺስ ልጆች አሉሽ?»

እማማ እህሉን መልቀም አቆመች። «አንድ አለኝ። ወንድ ልጅ። ማዶ ነው» አለች።

ማዶ ማለት ከድንበሩ ወዲያ ማለት ነው። በኛ ሰፈር ግማሹ ዘመድ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ነው። ልጇ እዚያ በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ገብቶ፣ በየበጋው እየመጣ ይጠይቃት ነበር። ከዚያ ማዶ ጦርነት ተነሣ። ሰው ፍራሹንና ሕፃኑን ተሸክሞ መጣ፤ እሱ አልመጣም። እማማ የመጣውን ሁሉ ጠየቀች። አንዱ አየሁት ይላል፣ ሌላው አላየሁትም ይላል፣ አየሁት ያለውም ሲጠየቅ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ይሆናል። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ በደወለች ቁጥር ከእኔ ጤንነት ቀጥሎ የምትጠይቀው «የዚያች ሴት ልጅ ተገኘ?» ብላ ነው። እማማም ጓሮ ብትሆን ጥያቄውን ሰምታ ራሷ ትመልሳለች። «ገና ነው።»

እማማ ስልክ አልነበራትም። ከግቢውም ድምፅና ፎቶ መቀበል የሚችለው የእኔ ብቻ ስለነበር ቁጥሬን ለሁሉም ሰጠች። በቤተ ክርስቲያን በኩል ከስደተኞች ካምፕ ለሚመጡ፣ ከብት ለመፈለግ ወደ ማዶ ለሚመለሱ፣ በባሮ በጀልባ ለሚወርዱ ነጋዴዎች ሁሉ «ልጄን ካገኛችሁ በዚህ ይደውል» አለች። ብዙ ሰው ደወለልኝ። የሚደውሉት ግን የራሳቸውን ሰው ፍለጋ ነበር። ስም ይጠሩልኛል፤ «የለም፣ አላውቀውም» እላለሁ፤ ይዘጋሉ።

ድምፁ የመጣው በክረምት ነው። ከሥራ ወጥቼ በባሮ ዳር እየሄድኩ ነበር። ወንዙ ሞልቷል። ፀሐይ ስለበረደች ሴቶች ልብስ እያጠቡ፣ ወንዶች ዳር ላይ እየታጠቡ ነው። ከድልድዩ አጠገብ ኔትወርክ ስለሚሻል ስልኬ እዚያ ሲደርስ ያደረበትን መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ያወርዳል። ከነዚያ መካከል ከማላውቀው የውጭ ቁጥር የተላከ ድምፅ አየሁ። ነካሁት፤ እንደ ልማዱም ዳር እስከ ዳር አሰማ። የወጣት ወንድ ድምፅ ነው። ኑዌርኛ ነው። ከሚለው ውስጥ ያወቅሁት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው፤ «ማሌ» አለ፣ ሰላምታ ነው። ጥቂት ከተናገረ በኋላ ቃል መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ተቆረጠ።

ውሃው ውስጥ ቆማ ሳሙና የምትመታ ሴት ቀና ብላ አየችኝ። «እናቱን ነው የሚጠራው» አለችኝ በአማርኛ።

ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። እማማ ግቢው መሐል ዓሣ ትዘለዝል ነበር። «እማማ፣ ድምፅ መጣ» አልኳት። ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አሰማኋት። ገና «ማሌ» ሲል በሁለት እጆቿ መሬቱን ያዘች፤ የሚወድቅ ሰው እንደሚይዝ። የሚቆረጥበት ቦታ ሲደርስ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «ቀጥል! አንተ፣ ቀጥል እንጂ!» አለችው።

የቀረው አልወረደም ነበር። ክቧ ምልክት ትሽከረከራለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትሽከረከራለች። ደግመን ደጋግመን ሰማነው። እዚያው ቦታ ላይ ይቆረጣል።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ደህና ነኝ ይላል። እግሬን ትንሽ አሞኛል ይላል። ማሽላው ደርሷል፣ ብዙ ነው፣ ወፍ እንጠብቃለን ይላል። በማታር በኩል እመጣለሁ ይላል። ከዚያ ‹እናቴ፣ ግን አንድ ነገር…› ይላል።» እጇን በአየር ላይ እንደ ቢላ አሳለፈችው። «በቃ።»

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ያልደረሱት ጎረቤቶች መጡና እንደገና አሰማኋቸው። አንዷ ዘለለች፣ አንዷ አለቀሰች። እናቴ ስትሰማ ለሚካኤል ተሳልኩ አለች፤ እማማ ወደ ሚካኤል ባትጸልይም አመሰገነቻት። እማማ ራሷ ግን እልል አላለችም። ዓሣዋን ዘልዝላ ጨረሰች። ደንግጣ ይሆናል አልኩ።

የቀረውን ለማውረድ ያላደረግሁት የለም። ሰው ሳይነሣ ድልድዩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል ሲሉኝ ከፍ ያለ ቦታ ፈለግሁ፤ ጋምቤላ ሜዳ ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ብዙም የለም። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባልደረባዬ ጥሩ ስልክ ነበረው፤ ወደሱ ልላከው ብል ወርዶ ያላለቀ ነገር አይላክም አለኝ። በዚያ ቁጥር ደወልን፤ አይሠራም። እማማም የራሷን ድምፅ አስቀርጻ ላከች። ምን እንዳለችው አልነገረችኝም። ደረሰ የሚል ምልክት ጠበቅን። አልመጣም።

እንዲህ ሆኖ ሳምንታት አለፉ። ከሥራ ስገባ እማማ እጇን ትታጠብና ደጃፌ ላይ ትቀመጣለች። ስልኩን እከፍታለሁ፤ ትሰማለች፤ «እናቴ፣ ግን አንድ ነገር» ይልና ይቆረጣል፤ ትነሣለች። ከመስማት ብዛት እኔም ትርጉሙን በማላውቀው ቋንቋ የልጁን ቃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸመደድኩት። ወጥ ስሠራ ሳላስበው ከአፌ ይወጣል።

በዚያው ክረምት ለክትባት ዘመቻ ወደ ማታር ተላክሁ። ማታር ባሮ ዳር፣ ድንበሩ አፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከማዶ የሚሸሸው ሰው በዚያ በኩል ይጎርፍ ነበር። እማማ ከግድግዳዋ ላይ የልጇን ፎቶ አውርዳ አመጣችልኝ። ከረባት አስሮ ተማሪ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል። ወረቀቱ ጀልባ ላይ እንዳይበላሽ በስልኬ አነሣሁት። እማማ አየችው።

«ፊቱ ጠቆረ» አለች።

«ድምፁ አለ እማማ። ድምፁን አሰማቸዋለሁ።»

መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ በጀልባ ወረድን። ማታር ዝናቡ ባባራ ቁጥር እንፋሎት ነው። ቀኑን ሙሉ ሕፃናት ስንከትብ እንውላለን፤ እናቶቹ ከመዛላቸው የተነሣ ልጁ ሲያለቅስ እንኳ አያባብሉትም። እረፍት ሳገኝ ስልኬን ይዤ በሰልፉ መሐል እዞራለሁ። በፀሐይ ስክሪኑ ስለማይታይ ሰዎቹ በልብሳቸው ጋርደው አንገታቸውን ያስገባሉ። አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከረባቱ ብቻ ነው የሚታየው።

አንድ ቀን ምርኩዝ የያዘ ጎልማሳ አገኘሁ። ልጅ ሳለ በኛ በኩል በስደት ስላደገ አማርኛ ይችላል። እሱም ማዶ አስተማሪ ነበር። ፎቶውን አይቶ ስልኩን መለሰልኝ። የልጁን ከተማ ነግሬ ድምፁን አሰማሁት። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።

«ይህ መቼ ደረሰሽ?»

«በዚሁ ክረምት ነው፤ ገና ብዙም አልቆየም።»

«አይደለም» አለ። «ማሽላው ደርሷል ይላል። ወፍ እንጠብቃለን ይላል። እስቲ ውጭውን እዪው፣ የደረሰ ማሽላ የታለ? ይህ የአምና ነው። ይህን ሲናገር ከተማዋ ነበረች። ከዚያ በኋላ ተቃጥላለች፤ እኔ ራሴ የወጣሁት በእሳቱ መሐል ነው።»

«ታዲያ ለምን አሁን መጣ?»

«እኛ ጋ ኔትወርክ የለም። የላክሽው ነገር ስልኩ ውስጥ ይተኛል። ስልኩ ኔትወርክ ያለበት አገር የደረሰ ቀን ራሱ ይሄዳል።»

ደስ አለኝ። ሞኝነቴ እስከዚያ ድረስ ነበር። «እንግዲያው ስልኩ ከደረሰ እሱም ደርሷላ!» አልኩት።

ምርኩዙን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልፈለገም። «ሲስተር፣ ስልክ ከሰው ኪስ ወደ ሰው ኪስ ይሄዳል። ማን ይዞት እንደወጣ እኔ አላውቅም» አለ። ከዚያ የሚያስከትበውን ልጅ እጅ ይዞ ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

የቀረውን ጊዜ ፎቶውን ለማንም አላሳየሁም። በጀልባ ስንመለስ የምነግራትን ቃል አወጣ አወርድ ጀመር። ዝም ልበል? የለም ልበል? ልጁ የሞተ ነው ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። በሙያዬ ለብዙ ሰው መርዶ ነግሬያለሁ። መርዶ ቢያንስ ያስለቅሳል፣ ያስቀብራል። ይህኛው ምን እንደሚባል አላውቅም።

ግቢ ስገባ እማማ በእግሬ ላይ ያለውን ጭቃ አየችና ውሃ አመጣችልኝ። እስክታጠብ ጠበቀችኝ። «እማማ፣ ማታር ላይ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር፤ ስለ ድምፁ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ማሽላው ነው?» አለችኝ።

ውሃው እጄ ላይ ቀረ። «ታውቂ ነበር?»

«እኔ ማሽላ ዘርቼ ነው ያሳደግኩት። መቼ እንደሚደርስ አላውቅም?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በመጀመሪያው ቀን። ማሽላ ሲል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም? ያ ሁሉ ሰው እልል ሲል!»

«ሰው ደስ አለው። ጦርነት ከመጣ እዚህ ግቢ ማን ደስ ብሎት ያውቃል?» ጣሳውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ድምፁ ግን የሱ ነው። አንድ ነገር ሊነግረኝ ነው። እሱን ብቻ ልስማ፣ ከዚያ ይበቃኛል።»

በዚያው ምሽት እንደ ወትሮው እጇን ታጥባ ተቀመጠች፤ እኔም ከፈትኩላት።

ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፣ ሙቀቱ ተመለሰ። አንድ ቀን ስልኩን ከጋኑ ሥር ሳነሣው ሆዱ ተነፍቷል። ባትሪው አብጦ የጀርባ ክዳኑን ከፍቶታል፣ ስክሪኑንም ከፍ አድርጎታል። ለማብራት ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ አለና ጠፋ። አደባባዩ አጠገብ ስልክ ለሚጠግን ሰው ወሰድኩት። ባትሪ ቀየረለት፤ አልተነሣም። ፈታቶ አየው።

«ቦርዱ ሞቷል» አለኝ።

«ስልኩን ተወው። ውስጡ አንድ ድምፅ አለ። እሱን ብቻ አውጣልኝ።»

«ሲስተር፣ ይህ ዓይነት ስልክ ለመጠገን አይደለም የተሠራው። ሲበላሽ ተጥሎ ሌላ እንዲገዛ ነው።»

ለሁለተኛ ሰው አሳየሁት። አዲስ አበባ ለሚሄድ ባልደረባዬ ሰጠሁት፤ እዚያም ያው ቃል ተነግሮት መለሰልኝ። ከዚያ ሌላ፣ ያንኑ ያህል ርካሽ የሆነ ስልክ ገዝቼ የድሮ ቁጥሬን አስገባሁበት። የሰዎቹ ስም ተመለሰ። የጤና ጣቢያው የሥራ መልእክት፣ የማይረባው ቀልድ፣ የበዓል አበባው ሁሉ ተመለሰ። ድምፁ አልተመለሰም። ቁጥሩ ከነበረበት ቦታ ምንም የለም።

ለእማማ ነገርኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ለጥቂት ቀናት ደጃፌ ላይ መቀመጧን ተወች። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እጇን ታጥባ፣ እንደ ድሮው ተቀምጣ አገኘኋት። ስልኬን ከቦርሳዬ ሳወጣ በእጇ አስቀረችኝ።

«አንተ በልልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ። ወጥ ስትሠራ እሰማሃለሁ። በልልኝ።»

ተቀመጥኩ። አፈርኩ፤ የሰውን ልጅ ድምፅ መቀማት መሰለኝ። ቢሆንም አልኩት። «ማሌ» ብዬ ጀምሬ፣ እሱ ትንፋሽ በሚወስድበት ትንፋሽ እየወሰድኩ፣ ድምፁን ከፍ በሚያደርግበት ከፍ እያደረግሁ፣ በዳንግላ አፌ ኑዌርኛውን አወረድኩት። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ። የሚቆረጥበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ። የምቀጥል መስሏት ጥቂት ጠበቀች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላውቅም እማማ።»

«አዎ» አለች። ተነሥታ ገባች።

በዚህ ሁኔታ ብዙ ቆየን። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ እየመጣሁ እንኳ እለዋለሁ። ግን የማይገቡኝ ቃላት ስለሆኑ ቀስ በቀስ አፌ ውስጥ ይሟሟሉ። አንዱ ከሌላው ይገጣጠማል፣ አንዱ ይወድቃል። መጀመሪያ ታርመኝ ነበር፤ በኋላ ማረሙን ተወችው። አንድ ምሽት ገና «ማሌ» ብዬ ብዙም ሳልሄድ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይበቃል ሲስተር።»

«ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትህም። አሁን ስሰማ ያንተ ድምፅ ነው። ሌሊት ሳስበው ያንተ ድምፅ ነው የሚመጣው። የሱ እየጠፋብኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ አላልኩትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ስንቀመጥ ስለ ዓሣ ዋጋና ስለ መብራት መጥፋት እንጫወታለን። እናቴ ስትደውል «የዚያች ሴት ልጅ…» ብላ እንዳትጀምር አስጠነቀቅኋት፤ አዲሱ ስልክ ጆሮ ላይ ስለሚያናግር ማስጠንቀቂያው አላስፈለገም ነበር። እማማ ግን ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሳወራ ባየች ቁጥር የማትሰማው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ እንደምትፈልግ ሁሉ ቆም ትላለች።

ልጇ አልመጣም። ሞተ የሚል ሰውም አልመጣም። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች እንጸልይለት እንጂ እናልቅስለት አላሏትም፤ ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ፀጉሯንም አልተላጨችም። ፎቶው ተመልሶ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። ከጊዜ በኋላ እኔ ወደ ደጋ ተዛወርኩ። የሄድኩ ቀን እስከ ባጃጁ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክማልኝ «ደህና ግባ» አለችኝ።

አሁን በዓል ሲመጣ በአንዲት ጎረቤቷ ስልክ እደውልላታለሁ። ጎረቤቷ ስትጣራ፣ እማማ ከጓሮ ስትመጣ፣ ስልኩን ስትቀበል ይሰማኛል። «እማማ፣ እንዴት ነሽ?» እላታለሁ።

«አለሁ» ትለኛለች። የሚቀጥል ነገር እንዳለ ሁሉ ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ስልኩን ለጎረቤቷ ትመልሳለች።